ከአሮጌው ጣውላ ሥር፦ ስለ ወለል እድሳት ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ግቢው ሲደርቅ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ቤት ማደስ የሚጀምር ሰው ይበዛል። በዚህ ወቅት የሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ቀለም፣ ስለ ኮርኒስና ስለ ሴራሚክ ዋጋ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ዘንድሮ ግን አራት አንባብያን ስለ ወለል፣ ያውም ከሚታየው ወለል ሥር ስላለው ነገር ጽፈውልናል። በአሮጌ ቤት እድሳት ገንዘብ ሳይታይ የሚባክነው እዚያው ስለሆነ ጥያቄዎቹ ደስ አሰኝተውኛል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አውጥቼ አቅርቤያለሁ።

ጣውላው ይዋዥቃል፤ ሴራሚክ እናልብሰው?

*ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ የሚገኘው ቤታችን አባቴ በ1950ዎቹ ያሠሩት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ ሲሆን ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች የጣውላ ወለል አላቸው። በሳሎኑ መስኮት በኩል ያለው ጣውላ ሲረገጥ ይዋዥቃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ የሻጋታ ሽታ ይሸተናል። ያነጋገርነው ባለሙያ «በላዩ ኮምፔርሳቶ መትተን ሴራሚክ እንለጥፍበታለን፤ በአምስት ቀን ያልቃል» ብሎናል። ባለቤቴ በሐሳቡ ተስማምታለች። እናቴ ግን «የአባታችሁን ጣውላ አትንኩ» ይላሉ። ምን ይመክሩናል? (አ. ወ.)*

መልስ፦ እናትዎ ይህን ያሉት ለአባትዎ መታሰቢያ ብለው ይሆናል፤ በሥራው በኩል ቢታይም ግን ለእውነቱ የቀረበው የእርሳቸው ቃል ነው። ጣውላ በራሱ ጊዜ አይዋዥቅም። የሚዋዥቀው የተሸከመው ሞራሌ ስለላላ፣ ስለተሰነጠቀ ወይም ስለበሰበሰ ነው፤ የሻጋታው ሽታ ደግሞ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ነግሮዎታል። ከሥር የበሰበሰውን ሳያዩ በላዩ ኮምፔርሳቶ መምታት ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ እንደ መጠቅለል ነው።

ሴራሚኩን በተመለከተ በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። ሴራሚኩ እንደ ድሮው አሠራር 5 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የአሸዋና የሲሚንቶ ቡኬት ላይ ከተነጠፈ፣ ቡኬቱ ብቻውን በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሳሎንዎ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን ከ20 ኩንታል በላይ እህል ዓመቱን ሙሉ በአሮጌዎቹ ሞራሌዎች ላይ አስጥተው እንደ መኖር ነው። በሙጫ ቢለጠፍ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም ሴራሚክ መተጣጠፍ የማይችል ነገር በመሆኑ ሁለተኛው ችግር እንዳለ ይቀራል። በሙያው የተለመደው ልክ፣ ሴራሚክ የሚሸከም የእንጨት ወለል ጭነት ሲያርፍበት ከሞራሌው ርዝመት ከ360 አንድ እጅ በላይ እንዳይረግብ ያዝዛል፤ ይህም ለ4 ሜትር ሞራሌ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሲረገጥ የሚዋዥቅ ወለል ከዚህ ልክ አልፏል። ባለሙያው በአምስት ቀን ይጨርስልዎት ይሆናል፤ በሴራሚኮቹ መገጣጠሚያ ያለው ቦያካ ግን ብዙ ሳይቆይ መሰንጠቁ አይቀርም። በተጨማሪም ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንና በኅዳር ማለዳ ሴራሚክ በባዶ እግር መርገጥ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመክፈት ነው። ዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የተመታውን ጠባብ ጣውላ) በጥንቃቄ ነቅለው፣ በጣም የሚዋዥቀው ቦታ ላይ ከግድግዳው ጋር የሚዋሰነውን ጣውላ ያስነሡ። አሮጌ ጣውላዎች አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ጎድጎድ ውስጥ የሚገባ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከመሐል ጀምሮ መፈልቀቅ ጠርዛቸውን ይሰብራል፤ ከዳር ሲጀመር ግን አንድ በአንድ ይወጣሉ። እያንዳንዱን ጣውላ ሲያነሡ በጀርባው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፉበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳይጻፍ የተከመረ ጣውላ መልሶ ለመግጠም ግን አናጺ ቀኑን ሙሉ ሲለካና ሲያገላብጥ ይውላል።

ከከፈቱ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘው ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ በቅድሚያም የሞራሌው ጫፍ ድንጋዩ ውስጥ የገባበትን ቦታ ይዩ። ብስባሴ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀጭን ካቻቢቴ ይዘው እንጨቱን በእጅ ኃይል ብቻ ይውጉት፤ ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ያስገባል፣ የበሰበሰ እንጨት ግን ካቻቢቴውን እንደ ቅቤ ይቀበላል። እንጨቱ ጠቁሮ እንደ ከሰል በትንንሽ አራት ማዕዘን ከተሰነጣጠቀ ወይም ነጭ ድር የመሰለ ነገር ከለበሰ ፈንገስ ገብቶበታል ማለት ነው። ፈንገስ ደግሞ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ሊያጠቃው አይችልም። እንጨት በእርጅና ይበሰብሳል የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ደረቅ ሆኖ የቆየ እንጨት መቶ ዓመትም ይኖራል። ዋናው ጥያቄ እርጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ሳለሁ እናቴ እዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባላት ቤት ከወለሉ ሥር ነፋስ እየገባ አስቸገራት፤ እኔም ሙያ አውቃለሁ ብዬ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ የነበሩትን አራት ቀዳዳዎች በጆንያና በሲሚንቶ ደፈንኳቸው። እናቴም መረቀችኝ። አራተኛው ክረምት ሲወጣ አልጋዋ የቆመበት ጥግ ወደ ታች ሰመጠ፤ ጣውላውን ስናነሣው ሞራሌው በጣት ይፈረፈር ነበር። ቀዳዳዎቹን የሠራው ግንበኛ እንዲሁ ረስቷቸው የተዋቸው አልነበሩም፤ ከአፈሩ የሚነሣውን እርጥበት ነፋስ ጠርጎ እንዲያወጣው ብሎ ነበር የሠራቸው። በደብረ ብርሃን አሮጌ ቤቶች ያየሁት የወለል ብስባሴ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት የመጣ ነው፤ ቀዳዳው ወይ ለብርድ ተብሎ ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ ግቢው በአፈርና በአመድ ከፍ እያለ ሄዶ ቀብሮታል።

የእርስዎንም ቤት ከውጭ ዞረው መሠረቱን ይመልከቱ። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ያስከፍቷቸው፤ ከሌሉም በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ትይዩ ሆነው እንዲበጁ ያድርጉ፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ጥቅም የለውምና። የእንግሊዝ የግንባታ ደንብ ለአንድ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ቢያንስ 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃል፤ በየሁለት ሜትሩ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ቢኖር ወንፊት ሽቦው ከሚሸፍነው ተርፎ ከዚህ ልክ ያልፋል። አይጥ እንዳይገባ ወንፊቱ የግድ ነው። ብርዱን በተመለከተ ደግሞ መከላከል የሚገባው ከላይ ነው፤ በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት አስሞልቶ ጥሩ የሱፍ ምንጣፍ ማንጠፍ ቀዳዳ ከመድፈን የተሻለ ያሞቃል፤ ሱፍ ደግሞ በደብረ ብርሃንና በመንዝ አይቸግርም።

ከወለሉ ሥር ያለውን ቦታ ከእንጨት ፍልጥ፣ ከፍርስራሽና ከአሮጌ ጋዜጣ ያጽዱት። አፈሩ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ያንጥፉበት፤ መገጣጠሚያው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ከፕላስቲኩ እስከ ሞራሌው ሆድ ድረስ ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መኖር አለበት፤ ከሌለ አፈሩ ይቆፈር። የሞራሌው ጫፍ ብቻ ከሆነ የበሰበሰው ሙሉውን መጣል አያስፈልግም። የበሰበሰውን ከእነ አጎራባቹ 30 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ጨምሮ መቁረጥ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ቁመት ያለው አዲስ ሞራሌ ከጎኑ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ርዝመት አጣምሮ በብሎን ማሰር ይቻላል። አዲሱ ጫፍ ድንጋዩን በቀጥታ እንዳይነካ በመካከል ሬንጅ የተቀባ ወረቀት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይግባ። ድንጋይ ውሃ ይመጥጣል፤ እንጨት ደግሞ ከድንጋይ ይቀበላል።

ለሞራሌው ባህር ዛፍ እንደሚቀርብልዎ እገምታለሁ፤ ርካሹም በቅርብ የሚገኘውም እርሱ ነው። ችግሩ እርጥብ ሆኖ መሸጡ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። ስለዚህ ጣውላ ከመነሣቱ ከወራት አስቀድመው ገዝተው፣ ጥላ ሥር በመካከሉ ጭራሮ እያስገቡ ይከምሩት። አሮጌው ጣውላ ጥድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ (ሲላግ በሚወጣው ሽታና በቀላ መልኩ ይታወቃል) እንዳይጥሉት፤ የጥድ ልብ ብስባሴንና ምስጥን እንደ እርሱ የሚቋቋም እንጨት በገበያ በቀላሉ አይገኝም። መልሰው ሲገጥሙት በምስማር ፋንታ በካቻቢቴ የሚጠበቅ ብሎን ይጠቀሙ፤ ጣውላ ሲረገጥ የሚጮኸው ምስማሩ ላልቶ ሲንሸራተት ነው። የ3 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) ወለሉ ላይ አጋድመው ከሥሩ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካላዩ ሥራው ጥሩ ሆኗል። ዳር ዳሩን ከግድግዳው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው፤ ጣውላ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠብባል፤ ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ሚስትዎ ሴራሚክ ካልተነጠፈ ካሉ፣ መግቢያውና ማድ ቤቱ ከሥራቸው ኮንክሪት ከሆኑ እዚያ ይንጠፍላቸው። በዚህ እናትዎም የሚቃወሙ አይመስለኝም።

የመንዝ ድንጋይ ቤትና የእበት ወለል

*ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የአያቶቻችን ቤት በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ነው። ወለሉ አፈር ሆኖ በእበት እየተለቀለቀ ኖሯል። አሁን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊሾ እናስደርግ ብሏል። ግንበኛው «አፈሩን ደልድለን፣ ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ኮንክሪት እናፈስሳለን» ይላል። ይህ ይበቃል? (ተ. ኃ.)*

መልስ፦ አይበቃም፤ ግንበኛው ካሰበው ቅደም ተከተል በፊት የሚሠራ ነገር አለና።

የእበት ልቅለቃ በየጊዜው ሲደራረብ የራሱ ውፍረት ይኖረዋል። በአካፋ ቆርጠው ጎኑን ቢያዩት እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቶ ያገኙታል። ይህ ንብርብር በውስጡ ጭድና እበት ስላለበት፣ ኮንክሪት ሲጫነውና እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል፣ ይረግባል፤ ኮንክሪቱም ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በእግር ሲመታ እንደ ከበሮ የሚጮህ ሊሾ ያጋጠመው ሰው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ንብርብሩ እስከ ንጹሕ አፈር ድረስ ይውጣ፤ ወጥቶም ለእርሻ ይውላል እንጂ አይጣልም።

ነገር ግን ከመቆፈርዎ በፊት በአንድ ጥግ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው የግድግዳው መሠረት ስንት ጥልቀት እንዳለው ይዩ። የጥንት ግንበኞች አለት ወይም ጠንካራ መሬት ሲያገኙ መሠረቱን እዚያው ላይ ያቆሙት ስለነበር፣ ከውስጥ በኩል ከመሠረቱ ግርጌ አልፎ መቆፈር ግድግዳውን ማንሸራተት ነው። ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ውስጡን ብዙ ከማውረድ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ የበሩ ቁመት ከፈቀደ ማለቴ ነው፤ የአያቶቻችን በር ጎንበስ ብሎ ለሚገባ ሰው የተሠራ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ፕላስቲኩ ነው። ፕላስቲክ እርጥበትን አያጠፋውም፤ መንገድ ያስቀይረዋል። አፈር ወለል ሳለ ከመሬት የሚነሣው እርጥበት በሙሉ ወለሉ ላይ ተበትኖ ይወጣ ነበር፤ እበቱም ስለሚተነፍስ አያግደውም። ወለሉ በፕላስቲክና በኮንክሪት ሲታፈን ያው እርጥበት ወደ ዳር ይሄድና በግድግዳው ጭቃ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ነው፤ የግድግዳው ግርጌ ይጠቁራል፣ ልስኑ እያበጠ ይወርዳል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ነገርም ይወጣበታል። ባለቤቶቹ በዚህ ጊዜ ግርጌውን በሲሚንቶ ይለስኑትና እርጥበቱን ይበልጥ ወደ ላይ ያስወጡታል።

መድኃኒቱ ከውጭ ይጀምራል። በብዙ የመንዝ ቤቶች የውጪው መሬት ዓመት በዓመት አመድና ጥራጊ እየተደፋበት ከውስጡ ወለል እኩል ሆኗል፤ እንዲያውም አንዳንዱ በልጧል። የውስጡ ወለል ከውጪው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ዙሪያው ይጠረግ፣ መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ያዘንብል። ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ አሸንዳ ከሌለው አሸንዳ ይሠራለት፤ ከክዳን የሚወርድ ውሃ ከመሠረቱ ሥር እየጠለቀ ወለል ማድረቅ አይቻልም። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይበረታል። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ የተቀመጠውን ሊሾም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። የሞረትና ጅሩ ገበሬ በእነዋሪ ሜዳ ላይ መደብና ቦይ እያወጣ የክረምቱን ውሃ ከመረሬው የሚያጠነፍፈው ስንዴው እንዳይሰምጥበት ነው፤ ለስንዴ የታሰበው ለቤት የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። ከቤቱ በላይኛው ወገን አንድ ቦይ ተቆፍሮ በድንጋይ ቢሞላ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከወለሉ ሥር ያለው መረሬም በተቻለ መጠን ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፤ ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየራሰ ይጠቅጠቅ።

ከዚያ በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ በእጅ እየተደረደረ ይነጠፍ፤ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ይጠቅጠቅ፤ ድንጋዩ ፕላስቲኩን እንዳይቀድደው በላዩ አሸዋ ይበተን። ኮንክሪቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር፣ ውሃው ከሚያስፈልገው ሳይበልጥ። ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውሃ ይጠጣ። በመንዝ ብርድ ይህ ሥራ በታኅሣሥና በጥር ባይሠራ እመርጣለሁ፤ መስኮትና በር በተነሣበት ቤት ውስጥ የሌሊቱ ውርጭ ገና ያልጠነከረውን ሲሚንቶ ካገኘው ፊቱ እንደ ዱቄት ይራገፋል።

እኔን ከጠየቁኝ ግን የምመርጠው ሌላ ነው። በግድግዳው ዙሪያ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዳርቻ ኮንክሪትም ፕላስቲክም ሳይነካው በጠጠር ይሞላና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበት፤ ሊሾው በመሐሉ ይሁን። እርጥበቱ ግድግዳው ሳይደርስ በዚያ ዳርቻ ይተነፍሳል። እንዲያውም ቤተሰቡ ከተስማማ ሙሉውን ወለል በአሸዋና በኖራ ላይ በተነጠፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ መሥራት ከሊሾ በላይ ከቤቱ ጋር ይስማማል፤ ድንጋዩም በደጅዎ ነው። «የድሮ ቤት መሰለ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የድሮ ቤት ነው።

ጥቁር ሙጫ ያለው የፕላስቲክ ታይል

*ጥያቄ፦ ደብረ ሲና የገዛሁት ቤት ወለሉ ኮንክሪት ሲሆን በላዩ ትንንሽ የፕላስቲክ ታይሎች ተለጥፈዋል። አንዳንዶቹ ተነቅለው ከሥራቸው ጥቁር ሙጫ ይታያል። በማሽን ሞርጄ ላሚኔት ላነጥፍ አስቤያለሁ። (ሰ.)*

መልስ፦ ማሽኑን ለጊዜው ይመልሱት። እስከ 1980ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ድረስ በተለያዩ አገሮች ከተሠሩት የፕላስቲክ ታይሎች፣ በተለይም ጎናቸው 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት፣ ብዙዎቹ በውስጣቸው አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ጥቁሩ ሙጫም እንዲሁ። ታይሉ ሳይሰበር እንደ ተቀመጠ ጉዳት አያደርስም፤ አደጋው በማሽን ሲሞረድ ወይም ሲፈጭ የሚነሣው አቧራ ሲተነፈስ ነው። ጉዳቱ ሳንባ ላይ ሲሆን የሚታየውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ሲሠሩ ምንም አልተሰማኝም ማለት መተማመኛ አይሆንም። በዓይን አይቶ አስቤስቶስ ነው፣ አይደለም ማለት ስለማይቻል፣ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ይበጃል። በጽኑ የተያዙትን እንዳሉ ይተዋቸው፤ የላሉትን በውሃ አርሰው በእጅ ያንሡ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስወግዱ፤ ደረቅ መጥረግም አይገባም። የጎደለውን ቦታ በሲሚንቶ ማስተካከያ ሞልተው ላሚኔቱን በላዩ ማንጠፍ ይችላሉ።

ታይሎቹ ለምን ተነቀሉ የሚለው ግን ከዚህ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ነው። ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር በተዳፋት ላይ ያለ ከተማ እንደመሆኑ፣ ቤትዎ ከተራራው ወገን ባለው ግድግዳ በኩል የመሬት ውስጥ ውሃ ሊገፋው ይችላል። የተነቀሉት ታይሎች በዚያ ወገን ከበዙ ምልክቱን አገኙ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብሩህ ፕላስቲክ ታይሉ በተነቀለበት ኮንክሪት ላይ ዘርግተው አራቱን ጎን አየር በማያስገባ ፕላስተር ይለጥፉት። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቆይቶ ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ካለበት ወይም ኮንክሪቱ ከአካባቢው ከጠቆረ ላሚኔት ለማንጠፍ ጊዜው አይደለም። ፈተናውን በሦስት አራት ቦታ ያድርጉት፤ ቢቻል ደግሞ ዝናብ በጣለ ሰሞን ይድገሙት፤ የበጋ ፈተና ብቻውን ያሞኛል።

አዲስ የሲሚንቶ ማስተካከያ ካፈሰሱ መድረቁን በትዕግሥት ይጠብቁ። በጥሩ አየር እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ ለአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ይቆጠራል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ያፈሰሰ ሰው 40 ቀን መጠበቅ አለበት ማለት ነው፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በእጅ ሲነካ ደርቋል የሚለው ግንበኛ የሚነካው ፊቱን ነው።

ምስጥ በሸዋ ሮቢት

*ጥያቄ፦ የቤታችንን ወለል ጣውላ ምስጥ ጨርሶታል። ጎረቤቶች «አዲሱን ሞራሌ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት» ይላሉ። ያዋጣል? (የቤት እመቤት፣ ከሸዋ ሮቢት)*

መልስ፦ ለአጥር እንጨት ይሞከር ይሆናል፤ ለመኝታ ቤት ግን አይሁን። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለጤና ጎጂ ነገሮች አሉበት፣ ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ እሳትም ያቀጣጥላል፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ወደ እንጨቱ ውስጥ ብዙም ስለማይሰርግ ምስጡ በተሰነጠቀ ቦታ ገብቶ ይበላል።

ምስጥ የሚመጣው ከመሬት ሲሆን ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ከአፈር እየሠራ በሚያወጣው ቀጭን የጭቃ ቧንቧ ውስጥ ይጓዛል። 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ የኮንክሪት ስንጥቅ ለማለፍ ይበቃዋል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት እኔ የምመክረው ወለሉን ከእንጨት ወደ ኮንክሪት መቀየር ነው። ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ ሴራሚክ ከልክዬ ለእርስዎ ብፈቅድ አይቀየሙኝ፤ ቆላ ላይ ቀዝቃዛ ወለል በረከት ነው። የተበላው ጣውላና ሞራሌ ከእነ ፍርፋሪው ተጠርጎ ይውጣ፤ አፈሩም ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ፈቃድ ባለው ባለሙያ በጸረ ምስጥ መድኃኒት ይታከም። መድኃኒቱን ከገበያ ገዝቶ በራስ መርጨት፣ የጉድጓድ ውሃ በአቅራቢያው ካለ ይልቁንም፣ አደገኛ ነው። የበር መቃንና ምሰሶ አፈር እንዳይነካ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ ይቁም።

ዞኮሎውን ደግሞ በእንጨት ከሠሩት በሙጫ ሳይሆን በብሎን ያሳስሩት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ ዝናብ በኋላና ክረምቱ ሲወጣ፣ ፈትተው ከጀርባው የጭቃ ቧንቧ መኖር አለመኖሩን እንዲያዩበት።